ከግንድ እስከ ሰም፦ የናሩኮ ኮኬሺ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

የሚሠራው ቁመቱ 6 ሱን የሆነ የናሩኮ ዓይነት ኮኬሺ፣ በቶርኖ የሚጠረብ የጃፓን የእንጨት አሻንጉሊት ነው። ሱን የጃፓን አናጢዎች የቆየ መለኪያ ሲሆን አንዱ 3.03 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አሻንጉሊቱ ሲያልቅ 18.2 ሴንቲ ይቆማል ማለት ነው። ጭንቅላቱ 5.5፣ ገላው 12.7 ሴንቲ ይደርሰዋል። ውፍረቱ ጭንቅላቱ ላይ 5.4፣ ትከሻው ላይ 5.6፣ ወገቡ ላይ 4.7፣ ሥሩ ላይ 5.8 ነው። እጅ የለው፣ እግር የለው፤ ሁለት ቁራጭ እንጨት ብቻ።

ናሩኮ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ ቶሆኩ በሚባለው ክልል፣ በሚያጊ ግዛት ያለ የፍል ውኃ ሠፈር ነው፤ ዛሬ በኦሳኪ ከተማ ሥር ይተዳደራል። ኮኬሺ የተወለደው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ ጎድጓዳ ሳህንና ትሪ እየጠረቡ ይኖሩ የነበሩ ኪጂሺ የሚባሉ የቶርኖ ባለሙያዎች፣ የእርሻው ሥራ ጋብ ሲል በፍል ውኃው ሊያገግሙ ለሚመጡ ገበሬዎች ወደ ልጆቻቸው ይዘውት የሚመለሱትን መጫወቻ ማዘጋጀት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሸለቆ የራሱን ቅርጽ ያዘ፦ ቱቺዩ፣ ያጂሮ፣ ቶጋታ፣ ናሩኮ፣ ኪጂያማ፣ ናንቡ፣ ቱጋሩ፣ ሌሎችም። አሻንጉሊቱን የሚሠራው ባለሙያ ኮጂን ይባላል።

ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው። ፊቱ ግን በመጨረሻ፣ በጥቂት ደቂቃ የሚሣል ነገር ነው። የቅንድቡ መስመር ጥርት ብሎ መውጣት አለመውጣቱ የሚወሰነው ከወራት በፊት በግንዱ፣ በኋላም በስለቱ ነው። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ ሰፊውን ቦታ ለእንጨቱና ለቶርኖው ይሰጣል።

ኅዳር፦ ግንዱ

የተመረጠው ሚዙኪ የሚባለው ዛፍ ነው። ሚዙኪ ነጭ ነው፤ ልቡና ዳሩ በቀለም ብዙም አይለያዩም፣ ቃጫው ደቃቅና እኩል ነው፣ ለስለትም አያስቸግርም። ነጭነቱ ለኮኬሺ ትልቅ ነገር ነው፤ ፊቱ የሚሣለው በባዶው እንጨት ላይ ስለሆነ የቆዳው ቀለም የእንጨቱ ቀለም ነው። ኢታያ-ካኤዴ የሚባለው የሜፕል ዓይነት ከሚዙኪ ይጠነክራል፣ ሲወለወልም የበለጠ ያበራል፤ በስተ ሰሜን በአኦሞሪ ግዛት የቱጋሩ ሠራተኞች አብዝተው ይጠቀሙበታል። የቼሪ እንጨት ደግሞ ቡናማ ስለሆነ መልኩን ከመጀመሪያው ይለውጠዋል። ለዚህ ሥራ ሚዙኪ ይሻላል።

ዛፉ የሚቆረጠው ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ነው። ሚዙኪ በጸደይ ሲቆረጥ ውኃው ይንጠባጠባል፤ ያ ውኃ ስኳር ያዘለ ስለሆነ ሻጋታ ይጋብዛል፣ ሻጋታውም በነጩ እንጨት ውስጥ ግራጫና ሰማያዊ ጥላ ጥሎ ያልፋል። ጥላው በስለትም በብርጭቆ ወረቀትም አይወጣም፣ ጥልቅ ነው። በመኸር መጨረሻና በክረምት የተቆረጠ ግን ነጭነቱን ይጠብቃል።

የገባው ግንድ ውፍረቱ ከ20 እስከ 22 ሴንቲ ነው። ከቀጭን ግንድ፣ እምብርቱን መሀል ላይ አውለው የሚሠሩም አሉ። ከወፍራሙ ግንድ ግን አራት ቦታ ተሰንጥቆ ከእያንዳንዱ ሩብ እምብርት የሌለበት 7 ሴንቲ ክብ ይገኛል። ይህ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እንጨት ሲደርቅ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚሸማቀቀው ከመሀል ወደ ውጭ ከሚሸማቀቀው ወደ እጥፍ ይጠጋል። እምብርቱ ውስጡ ያለበት ሙሉ ክብ ይህን ልዩነት የሚያስተነፍስበት ቦታ ስለሌለው ከዳር ወደ መሀል ይሰነጠቃል። ሩብ ግን በነፃነት ቅርጹን ይለውጣል፤ ጥቂት ይጣመማል እንጂ አይፈነዳም።

ቅርፊቱ በተቆረጠ ሰሞን ተላጧል። ቅርፊት ለብሶ የከረመ ግንድ ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፣ ትልም ይገባበታል። በሁለቱም ጫፍ ያለው የተቆረጠ ገጽ ወፍራም ኮላ ተቀብቷል፤ ውኃ በቃጫው አቅጣጫ ከጎኑ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ ያልተቀባ ጫፍ ቀድሞ ደርቆ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 10 ሴንቲ የሚገባ ስንጥቅ ያወጣል። ያ ሁለት ገላ ማባከን ነው።

ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት፦ መድረቅ

ሩቦቹ ከመሬት 30 ሴንቲ ከፍ ብለው፣ በመካከላቸው እንጨት ገብቶ፣ ጣሪያ ካለው ግን ግድግዳ ከሌለው ዳስ ሥር ተደርድረዋል። በናሩኮ በረዶው ብዙ ነው፤ ቅዝቃዜው ግን ይጠቅማል፣ እንጨቱ ቀስ ብሎ ይደርቃልና። የሚያሰጋው ወቅት የጸደዩ ነፋስና ፀሐይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ በፀሐይ በኩል ያለው ወገን በጆንያ መሸፈን አለበት፤ አለበለዚያ ላዩ ቀድሞ ይሸማቀቅና ውስጡ ገና እርጥብ ሳለ ይሰነጠቃል።

ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የተለመደው ጊዜ ነው። ድርቀቱ የሚታወቀው በሚዛን ነው። ከየክምሩ አንዳንድ ቁራጭ ምልክት ይደረግበትና በየሳምንቱ ይመዘናል፤ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ለውጡ ከመቶ አንድ ካነሰ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። መመዘን ያልፈለገ ሰው ሁለት ቁራጭ እርስ በርስ ያጋጫል፤ የደረቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ይደነቁራል። ሚዛኑ ግን ይበልጣል፤ ድምፁ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነውን አይለይም።

ለጭንቅላት የሚሆነው እንጨት ከዚህ ክምር አይወሰድም፤ ከቀደመው ዓመት የተረፈው አሮጌ ነው የሚመረጠው። ምክንያቱ መጋጠሚያው ላይ ይመጣል።

ሰኔ፦ መሣሪያው

በጃፓን ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ዝናብ ነው፣ አየሩም እርጥብ ይሆናል። በዚህ ሰሞን የመጨረሻውን ጠረባ መሥራት አያዋጣም። ጊዜው ለመሣሪያ ይውላል።

የኮኬሺ ሠራተኛ የሚቆርጥበት ብረት ካና ይባላል። ረጅም የብረት ዘንግ ሆኖ ጫፉ ተቀጥቅጦ ወደ ጎን የታጠፈ፣ መንጠቆ መሳይ ስለት ያለው ነው። ከሱቅ የሚገዛ ቢኖርም ኮጂኖች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ይቀጠቅጣሉ፤ የትከሻው ቀለበት፣ የወገቡ ጉድጓዳ፣ የጭንቅላቱ ክብ፣ የሴቴው (ጭንቅላቱ የሚገባበት የገላው ቀዳዳ) ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን እጥፋት ይፈልጋል። በአንድ ካና ሁሉንም ለመሥራት የሞከረ ሰው ቅርጹን ለብረቱ ሲያስገዛ ይታያል።

ለዚህ ሥራ አራት ተዘጋጅተዋል፦ አንድ ሰፊ መጥረቢያ ካና፣ አንድ ማስተካከያ፣ አንድ ጠባብ ለሴቴው ውስጥ፣ እንዲሁም ባንካኪ የሚባለው ጠፍጣፋ ስለት። ባንካኪ የመጨረሻው ነው፤ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ልጦ ያለሰልሰዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካርቦን የበዛበት ብረት በከሰል እሳት ብርቱካናማ እስኪሆን ይግላል፣ በመስፍ ላይ ጫፉ 3 ሚሊ እስኪሳሳ ይቀጠቀጣል፣ ይታጠፋል፣ ቀስ ብሎ እንዲበርድ አመድ ውስጥ ይቀበራል። ከበረደ በኋላ በሞረድ ቅርጹ ይስተካከላል። ከዚያ ጫፉ ብቻ ወደ 780 ዲግሪ ይደርስና ውኃ ውስጥ ይነከራል። ቀለሙን ለማየት ክፍሉ ጨለም ማለት አለበት፤ በቀን ብርሃን የሚታየው ቀይ ከእውነተኛው ሙቀት ያነሰ ይመስላል፣ ሠራተኛውም አሳልፎ ያግላል። ከልኩ ያለፈ ሙቀት የብረቱን ቅንጣት ያሳድግና ስለቱ በጥቂት ጠረባ ይሸረፋል። በመጨረሻ በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ይሞቃል፤ ይህ ካልተደረገ ስለቱ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

መሳል የሚጀመረው በሻካራ ድንጋይ፣ የሚያልቀው በ6000 ቁጥር ድንጋይ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ በቆመ እንጨት ላይ በእጅ ብቻ ቢገፋ የሚወጣው ልጣጭ ሳይቆራረጥ መጠቅለል አለበት።

ስለ ቶርኖው አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። በድሮው የጃፓን ቶርኖ፣ በሮኩሮ፣ ሁለት ሰው ይቀመጥ ነበር፤ አንዱ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ወዲያና ወዲህ ይስባል፣ ሌላው ይጠርባል። ገመድ ሳቢዋ ብዙ ጊዜ የባለሙያው ሚስት ነበረች። በሜጂ ዘመን፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ.፣ በእግር የሚረገጥ የአንድ ሰው ቶርኖ ወደ ቶሆኩ ገባ፤ ፍጥነቱን የሚወስነውና ስለቱን የሚይዘው አንድ ሰው ሆነ። የዛሬው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቢሆንም ጥሩ የኮኬሺ ቶርኖ አሁንም በእግር መርገጫ የሚታዘዝ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚዞር ነው። ሁለቱም አቅጣጫ ያስፈልጋል፣ በአንድ በኩል የተነሣ ቃጫ በሌላው ይተኛልና።

ሐምሌ፦ የመጀመሪያው ጠረባ

የደረቀው ሩብ በመጋዝ ተቆርጧል፦ ለገላ 14 ሴንቲ፣ ለጭንቅላት 8 ሴንቲ። ከዚያ ማዕዘኑ በመጋዝ ተነሥቷል። በዚህ ደረጃ ስንጥቅ ያለበት ሁሉ ተለይቶ ይወጣል፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ቀለም ሲነካት ቁልጭ ብላ ትታያለች። ጉጥ ያለበትም ይወጣል። ጉጥ ከዙሪያው እንጨት ስለሚጠነክር ስለቱ ሲያልፍበት ይዘላል፣ ክቡም ይበላሻል።

ቁራጩ ወደ ቶርኖው የሚገባው በዘንጉ ጫፍ ባሉ የብረት ጥርሶች ላይ በእንጨት መዶሻ ተመትቶ ነው። ቃጫው ከዘንጉ ጋር ትይዩ ይሆናል። ምቱ መሀል ላይ ካልዋለ ቁራጩ ይወዛወዛል፤ ከ2 ሚሊ በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ተነቅሎ እንደገና ይመታል። እነዚህ ጥርሶች የሚተዉት ምልክት በአሻንጉሊቱ ሥር ይቀራል፤ የድሮ ኮኬሺ የሚያጠኑ ሰዎች ገልብጠው ሥሩን የሚያዩትም ለዚህ ጭምር ነው።

ፍጥነቱ በደቂቃ 1000 ዙር ገደማ። ካናው ኡማ በሚባለው ድጋፍ ላይ ያርፋል፣ ድጋፉ ከእንጨቱ 1 ሴንቲ ርቆ ይቆማል። ከዚያ ከራቀ ስለቱ ይንቀጠቀጥና ገጹ ላይ መሰላል መሳይ ጭረት ይቀራል። የመጀመሪያው ጠረባ ገላውን ወደ 6.4፣ ጭንቅላቱን ወደ 6 ሴንቲ ያወርደዋል፤ የመጨረሻው ልክ ገና ነው።

እዚህ ላይ መታገሥ ዋጋ አለው። እንጨት ላዩ ሲነሣ ውስጡ የነበረው ውጥረት ይፈታና ክቡ በትንሹ ሞላላ ይሆናል። ስለዚህ የተጠረበው ሁሉ ተመልሶ ለሦስት ሳምንት ይቀመጣል። ገላዎቹ ክፍት መደርደሪያ ላይ ናቸው። ጭንቅላቶቹ ግን አምፖል በሚሞቀው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገብተዋል፤ ገላው 12 በመቶ እርጥበት ላይ ሲሆን ጭንቅላቱ ወደ 8 እንዲወርድ ይፈለጋል።

ነሐሴ መጀመሪያ፦ ገላው

የናሩኮ ገላ ከሩቅ የሚታወቀው በወገቡ ነው። ትከሻው ሰፋ ብሎ ይጀምርና መሀሉ በጣም በቀስታ ገብቶ ሥሩ ላይ እንደገና ይከፈታል። ጉድጓዳው በአንድ ወገን ከ5 ሚሊ አይበልጥም። ብዙ ጀማሪ መሀሉን ያበዛና ገላውን ወገበ ቀጭን ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ አበባው የሚሣልበት ቦታ ይጠብባል፣ አሻንጉሊቱም ይንገዳገዳል። ጠለቅ ያለው ቦታ ከሥሩ 6 ሴንቲ ከፍታ ላይ ይውላል፤ ልክ መሀል ላይ ከዋለ ቅርጹ ይሞታል። ይህ በዓይን የሚፈረድ ነው፣ ነገር ግን የጥሩ ናሩኮ ገላዎችን ጎን ለጎን ላየ ሰው ግልጽ ነው።

ትከሻው ላይ 3 ሚሊ ከፍታ ያለው ቀለበት ይቀረጻል። ካናው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ቢሳብ የቀለበቱ ጠርዝ ላይ ያለው አጭር ቃጫ ይፈነገላል። የተፈነገለ ጠርዝ በኮላ አይጠገንም፤ ኮላው ቀለም ስለማይጠጣ ነጭ ነጥብ ይሆናል።

ከዚያ ባንካኪ። ዝቅተኛ ግፊት፣ ከትከሻ ወደ ወገብ፣ ከሥርም ወደ ወገብ፤ ሁልጊዜ ከሰፊው ወደ ጠባቡ። ከጠባብ ወደ ሰፊ የተሄደ እንደሆነ ስለቱ ከተቆረጠው የቃጫ ጫፍ ሥር ገብቶ ይነቅላል። በትክክል የሄደ ባንካኪ ሲያልፍ ገጹ ያበራል።

ብርጭቆ ወረቀት የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው፤ 240፣ ቀጥሎ 400፣ ብቻ። በወረቀት ብዛት የስለትን ጉድለት መሸፈን በብዙ አውደ ጥናት ይታያል፣ ያሳዝናልም። ወረቀት ቃጫውን ይፍቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የተፋቀ ቃጫ ቀለም ሲነካው ያብጥና መስመሩ ይበላሻል። በድሮው ልማድ የመጨረሻው ማለስለሻ ቶኩሳ ነበር፤ ግንዱ ውስጥ ሲሊካ ያለበት፣ ሻካራ፣ ቅጠል አልባ ተክል ነው። ደርቆ፣ ውኃ ነክቶት፣ ተጠፍጥፎ ይያዛል። አሁንም ከ400 በኋላ የሚሰጠው ገጽ ከየትኛውም ወረቀት ይሻላል። በስተመጨረሻ ከራሱ ከእንጨቱ የወጣ ንጹሕ ልጣጭ በእፍኝ ተይዞ በሚዞረው ገላ ላይ ይጫናል፤ ላዩን ይጠቀጥቀዋል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ቀለበቶቹ የሚቀቡት ገላው ቶርኖው ላይ እንዳለ ነው። ቡሩሹ ኡማው ላይ ያርፋል፣ እንጨቱ በዝግታ ይዞራል፣ ጫፉ ይነካል፣ ይነሣል። በትከሻውና በሥሩ ላይ ቀይና አረንጓዴ። ቡሩሹ ከልኩ በላይ ቀለም ከያዘ፣ ዙሩ ይረጨዋል።

ነሐሴ አጋማሽ፦ ጭንቅላቱና መጋጠሚያው

የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው።

ኮኬሺ ጭንቅላቱን በሚይዝበት መንገድ ይለያያል። የቱጋሩ ኮኬሺ፣ ለምሳሌ በኩሮይሺ አጠገብ በኑሩዩ የኖረው ስመ ጥሩው ሞሪ ሂዴታሮ ይሠራው እንደነበረው፣ ጭንቅላቱና ገላው ከአንድ እንጨት የወጡ ናቸው። በቶጋታ ጭንቅላቱ ገላው ውስጥ ተሰክቶ ይጸናል፣ አይዞርም። በኢዋቴ ግዛት የሚገኘው ናንቡ በተቃራኒው ጭንቅላቱን ልል አድርጎ ይተወዋል፣ ሲነካ ይወዛወዛል፤ ጥንታዊው ዓይነት ፊትም አልነበረውም፣ ሕፃን የሚጠባው መጫወቻ ነበር። የናሩኮው ጭንቅላት ደግሞ ይዞራል፣ ሲዞርም ይጮኻል። የጥሩ ናሩኮ ምስክሩ ያ ጩኸት ነው።

ጩኸቱ ከልኬት ይመጣል። በገላው ትከሻ መሀል 16 ሚሊ የሚጠልቅ ሴቴ ይቆፈራል፦ አፉ 18.0 ሚሊ፣ ውስጡ 19.0 ሚሊ። ከጭንቅላቱ ሥር 14 ሚሊ የሚረዝም ወንዴ ይወጣል፦ አንገቱ 17.9፣ ጫፉ 18.7 ሚሊ። ጫፉ ከአፉ በ0.7 ሚሊ ይወፍራል፣ በተለመደው መንገድ አይገባም። ካሊፐር ካልተያዘ ይህን በዓይን መሥራት የሚችሉት ለዓመታት የሠሩት ብቻ ናቸው።

የሴቴው ውስጥ በጠባቡ ካና ነው የሚሰፋው። ስለቱ አይታይም፣ በድምፁ ይመራል፤ ጥርት ያለ ሹክታ እየቆረጠ መሆኑን ይናገራል፣ ሲያንቋርር ጀርባው እየነካ ነው። የአፉ ከንፈር ውፍረት ወደ ታች 4 ሚሊ መሆን አለበት። ከዚያ ከሳሳ ወንዴው ሲገባ ይቀደዳል።

ማስገባቱ እንዲህ ነው። ገላው ቶርኖው ላይ ይዞራል። ጭንቅላቱ በባዶ መዳፍ ይያዛል፤ ጓንት አይደረግም፣ ዘንጉ ጓንትን ይዞ እጅን ይጠቀልላልና። ወንዴው በቀጥታ ወደ አፉ ይገፋል፤ በሰበቃው ሁለቱም ይግላሉ፣ የተቃጠለ እንጨት ሽታ ይወጣል፣ የጋለው ቃጫ ይለሰልሳል። በሰከንዶች ውስጥ ጫፉ አፉን አልፎ ይገባል፤ በእጅ ይታወቃል፣ ድንገት ይለቃል። በዚያች ቅጽበት መርገጫው ይለቀቃል። ቶርኖው መዞሩን ከቀጠለ ጭንቅላቱ ሴቴውን እያሰፋ ይሄድና ዝም ይላል።

ሲበርድ ወንዴው ቅርጹን ይመልሳል፣ ከእንግዲህ ሳይሰበር አይወጣም። ኮላ አልገባበትም። ጭንቅላቱ ከገላው የደረቀ የተደረገበት ምክንያት አሁን ይታያል፦ በቀጣዮቹ ሳምንታት ከአየሩ ጥቂት እርጥበት ይጠጣና ወንዴው ያብጣል፣ አንገቱም አፉን ይሞላዋል። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ወንዴው እየሸማቀቀ ይላላ ነበር።

የተበላሹት ምን እንደሆኑ መመዝገብ ይገባል። በሁለት ገላ ላይ ትከሻው ተሰነጠቀ፤ ሁለቱም የቃጫ መስመራቸው ከዘንጉ አቅጣጫ ያዘነበለ ነበር፣ ስንጥቁም ያን መስመር ተከትሎ ሄደ። አንድ ጭንቅላት ገብቶ ዝም አለ፤ ወንዴው ገጽ ላይ የሰም ቅሪት ተገኘ። ሰም ወደ መጋጠሚያው መድረስ የለበትም፣ ጩኸቱ ሰበቃ ነውና። አንዱ ደግሞ ከነአካቴው አልዞር አለ፤ ገላው በበቂ ያልደረቀ ነበር፣ በቀናት ውስጥ ሸማቅቆ አንገቱን አነቀው።

ነሐሴ፦ ቀለሙ

ቀለሙ በውኃ የሚሟሟ ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ። ጥቁሩ ሱሚ ነው፤ በድንጋይ ላይ በጥቂት ውኃ የሚፈጭ የጥላሸትና የእንስሳ ሙጫ ቀለም። የሱሚው ውፍረት ለፊቱ ወሳኝ ነው። ከቀጠነ በቃጫው ውስጥ ይሮጣል፣ ከወፈረ ቡሩሹ ይጎተታል። በዕለቱ የተፈጨ ብቻ ይሠራል፤ ያደረ ሱሚ ሙጫው ስለሚበላሽ ይፈሳል።

ቃጫው ቁልቁል ስለሚሄድ ቀለም የሚሮጠው ወደ ላይና ወደ ታች ነው። በጭንቅላቱ ወገብ ላይ፣ ዓይኑ በሚሣልበት ቦታ፣ ቃጫው ተኝቷል፣ ቀለምም ይታዘዛል። ወደ አናቱ ሲወጣ ግን የተቆረጠው የቃጫ ጫፍ ይገለጣል፣ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ስለዚህ አናቱ ላይ የሚውለው ቡሩሽ በወረቀት ላይ ተጠርጎ ደረቅ ሊል ሲል ነው የሚነካው። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በተበላሸ ጭንቅላት ላይ ይሞከራል፤ ከመጋጠሚያው የተረፉት አሁን ሥራ አገኙ።

ቅደም ተከተሉ ከፀጉር ነው። ግንባሩ ላይ ጥቁር ጎፈሬ፣ ከበላዩ ናሩኮን የሚለየው ቀይ የማሠሪያ ጌጥ፣ ወደ ኋላ በጥቂት ፈጣን ጭረት የተዘረጋ። በጆሮ በኩል ጥቁር የጎን ፀጉር። ከዚያ ቅንድብ፣ ከዚያ ዓይን፦ አንድ የላይ ቆብ መስመርና ከሥሩ ጥቁር ብሌን፤ የታች መስመር የለም። አፍንጫው ትንሽ ክብ ጠመዝማዛ፣ አፉ ትንሽ ቀይ። ቡሩሹ ቀጥ ብሎ ይያዛል፣ የእጁ ትንሿ ጣት እንጨቱ ላይ ተደግፋ፤ የሚዞረው አሻንጉሊቱ ነው፣ እጁ ይቆማል። መስመሩ አንዴ ከተነካ አይደገምም። የተደገመ መስመር ሁልጊዜ ይታወቃል፣ ፊቱም ፈራ ተባ ያለ ይመስላል።

ገላው ላይ ተደራራቢ የክራይሳንተመም አበባ ይሣላል። እያንዳንዱ ቅጠል አንድ ጭረት ነው፦ ቡሩሹ በውጭ ጠርዝ ተጭኖ ይጀምራል፣ ወደ መሀል እየተነሣ ይቀጥናል። የመካከለኛው መጀመሪያ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ በተራ፤ አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው የሄደ ሰው አበባው ያዘነብልበታል። አረንጓዴው ቀዩ ከደረቀ በኋላ ይመጣል፣ ጥቂት ቅጠል ብቻ። ባዶ እንጨት መተው የናሩኮ ውበት አካል ነው፤ ቦታ ሁሉ ከሞላ የወገቡ ቅርጽ ይጠፋል።

እነዚህ ሥዕሎች የዘፈቀደ አይደሉም። ኮጂን ከመምህሩ የሚወርሰው የገላውን ቅርጽ፣ የፊቱን አቀማመጥና የአበባውን ዓይነት በአንድ ላይ ነው፤ የቀደመ ባለሙያን ሥራ መልሶ የሚሠራም የማንን እንደተከተለ ሥሩ ላይ ይጽፋል። የሚያጊ ባህላዊ ኮኬሺ በ1981 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት የባህላዊ ዕደ ጥበብ ዕውቅና ያገኘው ይህ ውርስ ስላለ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለው የናሩኮ የጋራ ቅርጽ ስለሆነ ሥሩ ላይ የማንም የዘር መስመር ስም አይገባም፤ የእንጨቱ ዓይነትና ዓመቱ ብቻ ይጻፋል። የሌለን መምህር ስም መጻፍ ማታለል ነው።

ጳጉሜን፦ ሰሙ

ቀለሙ አንድ ሌሊት አድሯል። አሻንጉሊቱ በሥሩ ባሉት የቀድሞ የጥርስ ቀዳዳዎች ላይ ተመልሶ ገብቷል፤ በአዲስ ቦታ ከተመታ መሀሉ ይስታል።

የጠጠረ ሰም በሚዞረው ገላ ላይ ይነካል፣ በሰበቃው ቀልጦ በስስ ይቀባል። ከዚያ በትንሹ የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል፤ ጨርቁ በጣት ላይ አይጠመጠምም። ወፍራም ሰም ቀለሙን ያደበዝዛል፣ አቧራም ይይዛል። ያልደረቀ ቀለም ላይ ሰም የነካ እንደሆነ ቀዩ ተጎትቶ ነጩን ፊት ሮዝ ያደርገዋል፤ ያ መመለሻ የለውም። ወደ አንገቱ ሲቀርብ እጁ ይቆማል፣ በመጋጠሚያው ዙሪያ 2 ሚሊ ያህል ሳይነካ ይቀራል።

ሰም ቀለሙን ከእጅ ላብ ይጠብቃል፣ ከፀሐይ ግን አይጠብቅም። ቀዩ በመስኮት ብርሃን ከዓመት ዓመት ይገረጣል፤ በሌሎች መስመሮች የሚጠቀሙበት ሐምራዊ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል፣ በድሮ ኮኬሺዎች ላይ ቦታው ባዶ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። በክረምት ከምድጃ አጠገብ የቆመ እንደሆነ ገላው ከልክ በላይ ደርቆ ጭንቅላቱን ያንቃል።

በናሩኮ ዓመታዊው የኮኬሺ በዓል በመስከረም እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ይከበራል፣ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ ማብቂያና በጳጉሜን መግቢያ መካከል ማለት ነው። በአካባቢው ያሉ አውደ ጥናቶች ሥራቸውን እስከዚያ ድረስ ለመጨረስ ይጣደፋሉ። ለዚህ ክምር ግን ጥድፊያ አልተደረገም፤ ሰም የተቀቡት ሁሉ ለአንድ ወር መደርደሪያ ላይ ይቆያሉ፣ በየሳምንቱ የእያንዳንዱ ጭንቅላት አንድ ዙር ይዞራል፣ የላላውና የጠበቀው ይመዘገባል።

የመጀመሪያው ፍተሻ፦ ከአንዱ በቀር ሁሉም ይጮኻሉ። ያልጮኸው የአንገቱ ልክ 17.7 ሚሊ የነበረው ነው። ሁለት ሳምንት ይሰጠዋል፤ ወንዴው አብጦ ካልሞላ ተለይቶ ይወጣል፣ ጭንቅላቱ ለቀለም መሞከሪያ ይሆናል። ለሚመጣው ዓመት የጭንቅላት ክምር የሚሆኑት ሩቦች ተለይተው ጫፋቸው ኮላ ተቀብቷል።